ስዊቹን ከመክሰሳችን በፊት

ደብረ ማርቆስ ላይ ለሾፌሮች፣ ለመኪና ባለንብረቶችና ሙያውን ለጀመሩ ወጣቶች፣ በኤሌክትሪክ ስለሚወጣና ስለሚወርድ የመኪና በር መስታወት ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሳመጣው ድግግሞሹን ቀነስኩ፤ በመሀል የተጠየቅሁትንና የተሳቀበትን ግን አልነካሁትም።

እንደምን ዋላችሁ። ጨዋታችንን በእንቆቅልሽ ብንጀምረውስ? እንቆቅልህ!

(ከኋላ ወንበር «ምን አውቅልህ» አሉ።)

አንድ ያረጀ ኮሮላ አለ፤ የኮንትራት ሥራ ይሠራል። የኋላ ቀኝ መስታወቱ በራሱ በር ላይ ባለው ስዊች ሲያዙት ይወጣል፤ ውረድ ሲሉት ግን አይወርድም። ከሾፌሩ በር ሲያዙት ደግሞ ጭራሽ አይወጣም፣ አይወርድም። ሌሎቹ ሦስት መስታወቶች እንደ ልባቸው ናቸው። ባለቤቱ የኋላውን ስዊች ቀየረ፤ ያው ነው። ሞተሩን ቀየረ፤ ያው ነው። ምኑ ነው የተበላሸው?

(«ዋናው ስዊች ነው»፣ «ፊውዝ ነው»፣ «መኪናውን ይሽጠው» የሚሉ መልሶች መጡ።)

ከሦስቱ ሦስተኛው ይሻላል። ካላወቃችሁ እንግዲህ አገር ስጡኝ።

(አንድ ወጣት «ደጀንን ሰጥተንሃል» አለ።)

ደጀን ገብቼ ምን አጥቼ! መልሱን ግን አሁን አልነግራችሁም። መኪናው እዚሁ ግቢ ቆሟል፤ ባለቤቱም ከመካከላችሁ ተቀምጧል። ስንጨርስ ወጥተን እናየዋለን። እስከዚያ ብዙዎቻችሁ ራሳችሁ የምትደርሱበት ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ ደጀንን መስጠታችሁ ጥሩ ነው። እኛ አገር የማይወርድ መስታወት እንደ ብልሽት የሚቆጠረው ከደጀን ቁልቁል አባይ በረሃ ሲገባ ብቻ ነው። ዳገቱን ወጥተን ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ያው ተሳፋሪ «ኧረ ዝጉት፣ ብርድ ይመታናል» ይላል። የማይዘጋ መስታወት ነው እንግዲህ እንቅልፍ የሚነሳን። ሐምሌ ላይ እንጅባራ አካባቢ መስታወቱ ወርዶ የቀረበት ሾፌር ካለ ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። በፌስታልና በፕላስተር ሸፍኖ ሲመጣ ከሩቅ እናየዋለን።

ከእኔ ስህተት ልነሳ። ሙያውን በጀመርኩ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ከቡሬ የሚመጡ አንድ አዛውንት ደንበኛ ነበሩኝ። ፒክአፕ አላቸው፤ የሾፌሩ መስታወት አልሠራ አላቸው። ስዊቹን ፈትቼ ሳየው ተቃጥሏል፤ ቀየርኩት፣ ሠራ፣ ተከፈለኝ። ጥቂት ወራት ቆይተው ተመለሱ። አሁንም ስዊቹ ተቃጥሏል። «ዕቃው ሳልባጅ ስለሆነ ነው» አልኳቸውና አዲስ ተገዝቶ ገባ። ዓመት ሳይሞላ ሦስተኛ ጊዜ መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ምንም አላሉም። ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ «ልጄ፣ ስዊቹ መቃጠሉን አንተም እኔም አይተናል። ማን ነው የሚያቃጥለው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥያቄውም አልነበረኝም። በሩን ሙሉ በሙሉ ስፈታው መስታወቱ የሚሄድበት የላስቲክ ቦይ በአቧራ ተሞልቶ እንደ ጭቃ ግድግዳ ደርቋል። ሞተሩ መስታወቱን የሚያነሳው እየታገለ ነበር፤ በታገለ ቁጥር ብዙ ኤሌክትሪክ ይጎትታል፤ የሚጎትተው ደግሞ በዚያች ትንሽ ስዊች በኩል ነው። ቦዩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ሲልከን ረጨሁበት። ከዚያ በኋላ ስለ ስዊች አልመጡም፤ ስለ ሌላ ነገር ነው የመጡት።

ስለዚህ ዛሬ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። መስታወት አልሠራ ሲል ሁላችንም ጣታችንን የምንቀስረው ስዊቹ ላይ ነው፤ ጣታችን የሚነካው እሱን ስለሆነ። ግማሽ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ እናገኘዋለን። ጥፋተኛ ሆኖ ስናገኘው እንኳ ያቃጠለው ሌላ አለ። አባቶቻችን ችሎት ፊት «ተጠየቅ» እያሉ እንደሚሟገቱት ሁሉ፣ እኛም ካቻቢቴ ከማንሳታችን በፊት ጥቂት ጥያቄ እንጠይቅ።

መጀመሪያ ግን ኤሌክትሪኩ እንዴት እንደሚሄድ እንወቅ። ይህን የዘለለ ሰው ሁሉ መለዋወጫ ሲገዛ ይኖራል፤ ትንሽ ብቆይበት ታገሱኝ።

አዲስ መኪና ላይ ስዊቹ መልእክተኛ ነው። «ውጣ በለው» የሚል ትንሽ ምልክት ለኮምፒውተሩ ይልካል፤ ሸክሙን የሚሸከመው ሌላ ነው። አሮጌ መኪና ላይ ግን ስዊቹ ራሱ ተሸካሚ ነው። ሞተሩ የሚበላው ኤሌክትሪክ በሙሉ በስዊቹ ውስጥ ባሉ የጥፍር ጫፍ በሚያህሉ የመዳብ ንክኪዎች ያልፋል። የመስታወት ሞተር እንደ መኪናው ቢለያይም ሲሄድ ከ5 እስከ 10 አምፒር ገደማ ይወስዳል። መስታወቱ ተጣብቆ ሞተሩ መዞር ሲያቅተው 20 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

ሞተሩ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። በአንደኛው ፖዘቲቭ፣ በሌላኛው ነጌቲቭ ሲሰጡት ወደ አንድ ወገን ይዞራል፤ ሲያገላብጡበት ወደ ሌላው። የስዊቹ ሥራ ይህን ማገላበጥ ነው። አሁን ልብ በሉልኝ፦ ስዊቹን ማንም ሳይነካው ሲቀር ሁለቱም የሞተሩ ሽቦዎች ነጌቲቭ ላይ ተቀምጠዋል። «ውጣ» ሲሉት አንደኛው ብቻ ከነጌቲቭ ተነስቶ ፖዘቲቭ ላይ ይወጣል፤ ሌላኛው ባለበት ይቆያል። «ውረድ» ሲሉት ተራው የሌላኛው ነው። ሥራ ፈት የሚመስለው፣ ዝም ብሎ የተቀመጠው ንክኪ የመመለሻው መንገድ እሱ ነው። እሱ ከቆሸሸ የተጫናችሁት ወገን ምንም ቢያበራ ሞተሩ አይንቀሳቀስም።

የተሳፋሪዎቹ በሮች ደግሞ አንድ ነገር ይጨምራሉ። በብዙ አሮጌ መኪኖች የተሳፋሪው ስዊች የራሱ ነጌቲቭ የለውም። ፖዘቲቩን በበሩ በኩል ያገኛል፤ የሚመለሰው ግን በሁለት ሽቦ እስከ ሾፌሩ በር ሄዶ፣ እዚያ ባለው ሁሉንም መስታወት በሚያዘው ዋና ስዊች ውስጥ አልፎ ነው። የኋላ ተሳፋሪ የራሱን ስዊች ሲጫን ኤሌክትሪኩ ሾፌሩ ክርን ሥር ደርሶ ይመለሳል ማለት ነው። ለዚህ ነው በሾፌሩ በር ላይ ያለችው የመቆለፊያ ቁልፍ የሁሉንም ተሳፋሪ መስታወት በአንዴ የምትይዘው፤ የመመለሻውን መንገድ ትዘጋለች።

ስለ እሷ ካነሳሁ አንድ ሰው ከፍኖተ ሰላም ድረስ መኪናውን ነድቶ መጣ። «ከሾፌሩ በቀር ሦስቱም መስታወቶች ሞተዋል፣ ከእጥበት ስወጣ ነው የጀመረው» አለኝ። አጣቢው ሲወለውል ቁልፏን ተጭኗታል። ወደ ላይ መለስኳት፣ ሦስቱም ተነሱ። ሰውየው እኔን ሳይሆን ቁልፏን ለረጅም ጊዜ አያት። ቡና ጋበዘኝ፤ ሌላ ምን ይከፍለኛል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ እንሂድ። ያለ ምንም መሣሪያ፣ ወንበራችሁ ላይ ተቀምጣችሁ የምትጠይቋቸው ናቸው።

ሁሉም ሞተዋል ወይስ አንዱ ብቻ? ሁሉም ከሞቱ አራት ስዊች በአንድ ቀን አይሞትም፤ አንድ የጋራ ነገር ነው። ፊውዙ፣ ሪሌው (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን የሚያገናኘው)፣ የዋናው ስዊች ፖዘቲቭ ወይም ነጌቲቭ። አንዱ ብቻ ከሆነ ፊውዝ ፍለጋ መሄድ ብዙውን ጊዜ ጊዜ ማባከን ነው።

ወደ አንድ ወገን ይሄዳል? ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ወደ አንድ ወገን እንኳ በደህና የሚዞር ሞተር በሕይወት አለ። ፊውዙም አለ። ሞተር መግዛት የሚባለውን ነገር ከአእምሯችሁ አውጡ፤ የቀረው ስዊችና ሽቦ ነው። ይህን ባለማወቅ ስንት ደህና ሞተር ተጥሏል!

ከሁለቱም ስዊቾች ይታዘዛል? በራሱ በር ሲያዙት ወጥቶ ወርዶ ከሾፌሩ በር እምቢ ካለ ጥርጣሬያችሁ ዋናው ስዊች ወይም የሚያገናኛቸው ሽቦ ላይ ይሁን። በተቃራኒው ከሾፌሩ በር ሠርቶ በራሱ በር እምቢ ካለ፣ የመቆለፊያዋን ቁልፍ አይታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ የበሩን ስዊች ፍቱ። አሁን ሁለቱን ጥያቄ አዋህዱ። ከሁለቱም ስዊቾች ይወጣል፣ ከሁለቱም አይወርድም እንበል። ሁለት የተለያዩ ስዊቾች በአንድ ዓይነት በሽታ አይታመሙም። በዋናው ስዊች ውስጥ ያ ሥራ ፈት የመሰለው ንክኪ ነጌቲቩን አልያዘም ማለት ነው። እዚህ ላይ እንቆቅልሹን አስቡት። የእኛ ኮሮላ ከዚህ በምን ይለያል? ከሾፌሩ በር ሲያዙት መውጣቱም ቀርቷል። እሽ፣ ይቆየን።

ቀጥሎ የመኪናውን ሞተር አጥፉ፤ ቁልፉን ግን ኦን ላይ ተዉትና የውስጥ መብራቱን አብሩ። ዓይናችሁን መብራቱ ላይ አድርጋችሁ ስዊቹን ተጫኑ። መብራቱ ደብዘዝ ካለ ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ጋ ደርሷል፤ ሞተሩ እየታገለ ነው፣ መስታወቱ ተይዟል። ስዊቹን ተዉትና ቦዩን፣ ማንሻውን፣ ገመዱን እዩ። መብራቱ ንቅንቅ ካላለ መንገዱ የሆነ ቦታ ተቆርጧል። ባትሪው ደካማ ከሆነ ይህ ፈተና ይበልጥ ይታያል፤ የደካማ ባትሪ ብቸኛ ጥቅም ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ስዊቹን እንደተጫናችሁ የበሩን የውስጥ ሽፋን በመዳፍ መታ መታ አድርጉት። በዚያ ከተነሳ የሞተሩ ካርቦን፣ ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያሻግረው፣ አልቋል ወይም ተጣብቋል። በሩን ቀስ እያላችሁ ስትከፍቱና ስትዘጉ በሆነ ማዕዘን ላይ ሠርቶ በሌላው ካቆመ ደግሞ በበሩና በምሰሶው መካከል ባለው ላስቲክ ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ ተቆርጧል። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ያ ሽቦ ይታጠፋል፤ ከ20 ዓመት በላይ ሲታጠፍ የኖረ ሽቦ ደግሞ ላስቲኩ ደህና ሆኖ ውስጥ ውስጡን መዳቡ ይበጠሳል።

ሌላም አለ። መስታወቱን አሥር ጊዜ አውጥታችሁ አውርዳችሁ በድንገት ቢያቆም አትደንግጡ። ብዙ ሞተሮች ሲግሉ ራሳቸውን የሚያቋርጡበት መከላከያ አላቸው። ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ይሠራል። ስንቱ ጀማሪ በዚህ ተሸውዶ በሩን ፈትቷል፤ ስም አልጠራም።

(ሳቅ። የት እንደሚስቁ ያወቁ ይመስለኛል።)

መሣሪያ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው። ወጣቶቹ ሁላችሁም ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ አላችሁ፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ቴስተር እዚህ ቦታ ላይ ሊዋሻችሁ ይችላል። ቴስተር ምንም ሸክም አይጭንም። ከሃያ ክር ውስጥ አሥራ ዘጠኙ የተበጠሰበት ሽቦ ላይ ብታስቀምጡት በቀረችው አንድ ክር በኩል 12 ቮልት ያሳያችኋል። ሞተሩ ሲጎትታት ግን ያቺ ክር ምንም አትችልም። እኔ የምጠቀመው አሮጌ የፊት መብራት አምፖል ነው፤ 55 ዋት የሆነውን። ሁለት ሽቦ በስታኞ አያይዤበታለሁ፣ ሌላ ጌጥ የለውም። እሱ ወደ 4 ተኩል አምፒር ይበላል፤ ከሞተሩ ብዙም አያንስም። የሞተሩን ሶኬት ነቅላችሁ አምፖሉን በሁለቱ ሽቦዎች መካከል አድርጉ። «ውጣ» ሲባልም «ውረድ» ሲባልም ቦግ ብሎ ከበራ ስዊቹም ሽቦውም ነጻ ናቸው፤ ሞተሩ ይጠየቅ። በአንዱ በርቶ በሌላው ከጠፋ፣ ወይም ቀላ ብሎ ከቀረ፣ መንገዱ ታሟል። አምፖሉ ቶሎ ይግላል፤ ወንበር ላይ አታስቀምጡት። ኮምፒውተር በሚያዘው አዲስ በር ላይም ይህን አታድርጉ፤ የምናገረው ስለ አሮጌዎቹ ነው።

ሞተሩን ለብቻው መፈተን ከፈለጋችሁ ከባትሪ በፊውዝ አድርጋችሁ ሁለት ሽቦ አምጡና በቀጥታ ስጡት፣ ከዚያ አገላብጣችሁ ስጡት። ጣታችሁን ከማንሻው አርቁ። በተለይ እንደ መቀስ በሚከፈተው ማንሻ ላይ ሞተሩን ስትፈቱ ጥርሱን በቡሎን ወይም በፒን ሳትይዙ አትንቀሉት። ስፕሪንጉ የተጠመደ ነው፤ ሲለቀቅ ጣት ይቆርጣል። ይህን ስል እየቀለድኩ አይደለም።

ቴስተሩን የምወድበት ቦታ ግን አለ። መኪናው ተነስቶ፣ ዲናሞው እየሞላ፣ ባትሪው ላይ 14 ቮልት አካባቢ አለ እንበል። መስታወቱ እየሄደ ሳለ ሞተሩ ላይ ስትለኩ 11 ብቻ አገኛችሁ። 3 ቮልት የት ሄደ? መንገድ ላይ ተበልቷል። ሞተሩ 8 አምፒር እየወሰደ ከሆነ 3 በ8 ስናባዛው 24 ዋት ነው። የፍሬን መብራት አምፖል 21 ዋት ነው። ስዊቹ ውስጥ የሚበላ ከሆነ አንድ የፍሬን አምፖል ፕላስቲኩ ውስጥ እየበራ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። ንክኪው ይጠቁራል፣ የጠቆረው የበለጠ ይግላል፣ የያዘው ፕላስቲክ ይለሰልሳል፣ ንክኪው ይሰምጣል። ስዊች «ተቃጠለ» የምንለው ይህን ነው። በአንድ ቀን አይመጣም። መስታወቱ ቀስ ቀስ እያለ ሲሄድ፣ ሾፌሩም «ትንሽ ከበድ ብሎታል» እያለ በጣቱ ሲያግዝ ወራት አልፈዋል።

እንግዲህ ስዊቹ ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ ወዲያው አትግዙ። ባትሪውን ነቅላችሁ ስዊቹን አውጡት። የአሮጌ መኪና ፕላስቲክ በጠዋት ብርድ እንደ ብስኩት ይሰበራል፤ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሙትና ካቻቢቴውን ጨርቅ ጠቅልሉበት። ከመክፈታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ስትከፍቱት ነጭ ጨርቅ ወይም ትሪ ላይ ይሁን፤ ውስጡ ጤፍ የምታህል ስፕሪንግ አለች፣ አንዴ ከዘለለች እስከ ፋሲካ አትገኝም። ንክኪዎቹ ጠቁረው ታገኟቸዋላችሁ። ላያቸው ብር የተቀባ ነው፤ ስለዚህ በሻካራ ወረቀት አትፋቁት። በጣም የላመውን ወረቀት ጥቁረቱ እስኪለቅ ብቻ ነካ አድርጉና በአልኮል አጥቡት።

ሕዝቡ ያን ጊዜ ማጉረምረም ጀመረ፤ ከፊት የተቀመጡ አንድ ጋሼ እጃቸውን አነሱ። «አረቄ አይሆንም ወይ?» ጥያቄው በየዓመቱ ይጠየቃል፤ በየዓመቱም መልሱ ያው ነው። አረቄ ለባለቤቱ እንጂ ለስዊቹ አይሆንም። ውስጡ ብዙ ውኃ አለው። የፋርማሲውም 70 በመቶ አልኮል 30 በመቶው ውኃ ነው፤ ሌላ ከጠፋ እሱን ተጠቅማችሁ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት። የእጅ ማጽጃ ጄል ግን አታስቡት፤ ግሊሰሪኑ ንክኪው ላይ ይቀራል። ቤንዚን ደግሞ ፕላስቲኩንም ቤታችሁንም ይበላል።

ንክኪው ጎድጉዶ ወይም ፕላስቲኩ ቀልጦ ካገኛችሁት መቀየር ነው፤ ማጽዳቱ የሳምንት ዕድሜ ብቻ ይሰጣችኋል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን በነጻ የሚፈተን ነገር አለ። በብዙ መኪኖች የተሳፋሪ በሮች ስዊቾች አንድ ዓይነት ናቸው። የኋላ ግራውን ነቅላችሁ ለኋላ ቀኙ ስጡት። በሽታው ስዊቹን ተከትሎ ከሄደ ስዊቹ ነው፤ በሩ ላይ ከቀረ ስዊቹ ነጻ ነው። መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ከመላካችሁ በፊት ይህን አምስት ደቂቃ ስጡት። ዕቃ ስታስመጡም የአሮጌውን ፎቶ፣ ከጀርባው የተጻፈውን ቁጥርና የሶኬቱን እግሮች ብዛት ላኩ። «የኮሮላ ስዊች» ብሎ መላክ «የሰው ጫማ» ብሎ እንደመላክ ነው።

አሁን ወደ ቡሬው አዛውንት ጥያቄ እንመለስ። ማን ነው የሚያቃጥለው? እዚህ ጎጃም ውስጥ ተጠርጣሪዎቹን በስም አውቃቸዋለሁ። በበጋ አቧራ ነው፤ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር የሚገባ መኪና ሁሉ የመስታወት ቦዩ በዓመት ውስጥ ይሞላል። ቀጭን ዱላ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከላይ እስከ ታች ጥረጉት፤ ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ ትገረማላችሁ። ከደረቀ በኋላ ሲልከን ርጩ። የሞተር ዘይት አታድርጉ። ለጊዜው ያለሰልሳል፤ ቆይቶ ግን ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ አቧራውንም እንደ ማር ይሰበስባል።

በክረምት ውኃ ነው። እዚህ ላይ ወቀሳው ወደ እኛ ወደ ባለሙያዎቹ ይመጣል። የበሩን የውስጥ ሽፋን ስትፈቱ ከሥሩ የተለጠፈ እንደ ፌስታል ያለ ላስቲክ ታገኛላችሁ። ብዙዎቻችን ቀደን ጥለነዋል፤ እኔም ጥዬአለሁ። ያ ላስቲክ በመስታወቱ ሥር የሚገባው ዝናብ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ የተቀመጠ ግድግዳ ነው። ከሌለ ወፍራም ላስቲክ ቆርጣችሁ መልሱ። የበሩ ግርጌ ላይ ደግሞ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ውኃው በእነሱ ይወጣል። በጭቃ ሲደፈኑ በሩ ውስጥ ኩሬ ይሠራል። በሩን ስትዘጉ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ከሰማችሁ ሽቦ ይዛችሁ ክፈቷቸው። ለስላሳ መጠጥም አለ። ስዊቹ ላይ የፈሰሰ ስኳር ሲደርቅ ሙጫ ነው። ስዊቹ ተጭኖ ይቀራል፣ መስታወቱ ጫፍ ደርሶም ሞተሩ መግፋቱን አያቆምም።

ስለ ፊውዝ አጭር ልበል፤ ብዙ ስለተባለ። የሲጋራ ብርማ ወረቀት ፊውዝ አይደለም። የመዳብ ክርም አይደለም። 20 የተጻፈበት ቦታ ላይ 30 ማስገባትም ያው ነው። ፊውዙ በተበጠሰበት ምክንያት ሽቦው እንዲነድ ፈቀድንለት ማለት ነው፤ ያ ሽቦ ደግሞ የሚያልፈው ምንጣፉ ሥር፣ ከመቀመጫው አጠገብ ነው።

መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ መኪና ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። ዋናው ስዊች ወደ ሌላኛው በር ሲዛወር ሽቦዎቹ ተቆርጠው ተቀጥለዋል። የቀጠለው ሰው እንደ ቀለሙ ይቀጥል፣ እንዳገኘ ይቀጥል አታውቁም። በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ ካገኛችሁ ሌላ ከመፈለጋችሁ በፊት እሱን በስታኞ አስይዙት።

አንዲት እናት ከመሀል ተነስተው፣ «እኔ መኪና የለኝም፤ የልጄ ነው። ልጆች መስታወቱ ላይ ሲጫወቱ አያለሁ፣ ይጎዳቸዋል?» አሉ። ከዛሬው ጥያቄ ሁሉ ይህ ይበልጣል። አዎ፣ እናቴ፣ ይጎዳቸዋል። አሮጌዎቹ ስዊቾች ወደ ታች ሲጫኗቸው የሚዘጉ አሉ። ልጅ አንገቱን አውጥቶ ጉልበቱን ስዊቹ ላይ ቢያሳርፍ መስታወቱ ይነሳል፤ የአሮጌ መኪና ሞተር ደግሞ ነገር ሲይዘው አይመለስም፣ ይገፋል። አሜሪካኖች በዚህ ልጆች ስለሞቱባቸው አዳዲስ መኪኖች ላይ ስዊቹ ወደ ላይ ተስቦ እንጂ ተረግጦ እንዳይዘጋ በሕግ አስገድደዋል። ቁልፉ መኪናው ላይ እያለ ልጅ ብቻውን አይተው። ያቺ የፍኖተ ሰላሙን ሰው ያስነዳችው የመቆለፊያ ቁልፍም የተሠራችው ለዚህ ነው፤ ልጅ ሲሳፈር ተጫኗት። ባለሙያዎችም መስታወቱ ቁልፍ ወጥቶ እንዲሠራ ብላችሁ በቀጥታ ከባትሪ አታገናኙ፤ ደንበኛው ቢለምናችሁም።

ሌላ ጥያቄ ስላልነበረ ወደ ግቢው ወጣን።

ኮሮላው ዋርካው ሥር ቆሟል። አንዱ ወጣት መንገድ ላይ ይዞኝ፣ «ሞተሩ ነጻ ነው፣ ወደ ላይ ስለሚዞር። ዋናው ስዊች ውስጥ አንድ ንክኪ ብቻ ቢሆን ከሾፌሩ በር ቢያንስ መውጣት ነበረበት። ስለዚህ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ ተቆርጧል» አለኝ። ደጀንን መለስኩለት። ከኋላው ስዊች «ውጣ» ሲባል ኤሌክትሪኩ በደህናው ሽቦ ይመለሳል፤ «ውረድ» ሲባል መመለሻው የተቆረጠው ነው። ከሾፌሩ በር ሲታዘዝ ግን አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መመለሻ ሆነው ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ስለዚህ ወደየትም አይሄድም።

ሁሉም ወደ ኋላ ቀኝ በር ሮጠ። ባለቤቱ ሳቀ። «ያንን ላስቲክ ሁለት ሰው ፈትቶታል፣ ሽቦው ደህና ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ አየነው፣ ደህና ነው። ያን ጊዜ ወጣቱን የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ «ውረድ» የሚለውን ተጭኖ እንዲይዝ ነገርኩትና እኔ የሾፌሩን በር ይዤ ቀስ እያልኩ ከፈትኩት። ገርበብ ሲል ከኋላ መስታወቱ ድንገት ወረደ። ትንሽ ስጨምርበት ቆመ። ሁለቱ ሽቦዎች ከዋናው ስዊች ተነስተው ወደ ኋላ ከመሄዳቸው በፊት የሚያልፉት በሾፌሩ በር ላስቲክ ነው፤ ከአራቱ በሮች በቀን ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ደግሞ እሱ ነው። ላስቲኩን ገልብጠን ስናየው አንዲት አረንጓዴ ሽቦ ሽፋኗ ሳይቀደድ ውስጧ ተበጥሷል፤ ሳብ ሲያደርጓት እንደ ማስቲካ ተለጠጠች።

ባለቤቱ ከኮፈኑ ሥር የአሮጌውን ሞተርና የአሮጌውን ስዊች ፌስታል አውጥቶ አሳየን። አስቀምጧቸዋል። ሁለቱንም በአምፖሉ ሽቦ ባትሪው ላይ ሞከርናቸው፤ ሁለቱም ይሠራሉ።